ድሪምካስትህ ራሱን እያጠፋ ሲያስቸግር፦ ሌዘሩን ሳትነካ መጀመሪያ ስድስቱን ፒኖች አጽዳ

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። አጎቴ ከአሜሪካ ሲመጣ የሴጋ ድሪምካስት የሚባል የጌም ማሽን ይዞልኝ መጣ። የምሰካው በኮንቨርተር ነው። ትንሽ ከተጫወትኩ በኋላ ድንገት ራሱን አጥፍቶ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል። አንዳንዴ ሲዲውን አላነብም ይላል። በከፈትኩት ቁጥር ደግሞ ቀንና ሰዓት አስገባ ይለኛል። ጌም ቤት ያላቸው ጓደኞቼ ‹የከሰረ ማሽን ነው፣ ጣለውና ፕሌይስቴሽን ግዛ› ይሉኛል። ይሠራልኛል ወይስ ልጣለው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትጥለው። የዘረዘርካቸው ሦስቱም የዚህ ማሽን የታወቁ ሕመሞች ናቸው። ራሱን ማጥፋቱ በአልኮልና በጥጥ የሚድን ነው፤ ቀን መጠየቁ በአንድ ባትሪ ያልቃል፤ ሲዲ አለማንበቡም ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ይጠፋል። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ብዙ ሰው ሲዲ እምቢ ሲለው በቀጥታ ሲዲውን የሚያነበውን ሌዘር መጠምዘዝ ይጀምርና ደህናውን ድራይቭ ያበላሻል። አንተ ከኃይሉ ጀምር።

መጀመሪያ ኮንቨርተሩን እንይ። ለአሜሪካ የተሠራው ድሪምካስት የሚፈልገው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። የኃይል ቦርዱ የገባለትን ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ ባለ አንድ አቅጣጫ ኃይል) ሲለውጠው 120ው ወደ 170 ቮልት፣ 220ው ደግሞ ወደ 311 ቮልት ይጠጋል። ለ120 በተሠራ ቦርድ ላይ የሚገጠመው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዘው ዕቃ) ብዙ ጊዜ ከ200 ቮልት በላይ አይችልም። ስለዚህ በስህተት ለአንድ አፍታ እንኳ በቀጥታ ከሰካኸው ፊውዙ ሊቃጠል፣ ካፓሲተሩም ሊፈነዳ ይችላል።

ኮንቨርተርህን በእጅህ አንሳውና መዝነው። ከባድ ከሆነ ውስጡ ብረትና የመዳብ ጥቅል ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ ጥሩ ነው። እንደ ስልክ ቻርጀር ቀሎ «1,600 ዋት» የሚል ትልቅ ቁጥር ከተጻፈበት ግን ለፀጉር ማድረቂያና ለካውያ የተሠራ ነው። እሱ ቮልቱን የሚቀንሰው ሞገዱን እየቆራረጠ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ አይሆንም። ድሪምካስት ከ30 ዋት በታች ነው የሚበላው፤ የ50 ዋት ትራንስፎርመር ይችለዋል፣ የ100 ዋቱ ደግሞ ሳይሞቅ ያሠራዋል። የ50 እና የ60 ኸርዝ ልዩነት ለኃይል ቦርዱ ችግር የለውም።

ማታ ማታ መብራት ሲደክምስ? ትራንስፎርመር የገባለትን በልኩ ነው የሚያካፍለው። ግድግዳው ወደ 180 ከወረደ 120 ይሰጥ የነበረው ወደ 98 ይወርዳል። ችግሩ መብራት ሲደክም ብቻ የሚመጣ ከሆነ ከትራንስፎርመሩ በፊት ስታቢላይዘር አስገባ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ስፒናውን ከግድግዳው ንቀለው፤ በማብሪያው ማጥፋት አይበቃም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንግባ። የሚያስፈልጉህ የመስቀል ካቻቪቴ፣ መልቲሜተር፣ ጫፉ ቀጭን ፒንሳ፣ የጆሮ ጥጥና አልኮል ናቸው። 99 በመቶ የሆነው አይሶፕሮፒል አልኮል ይመረጣል፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያሉ የሞባይል ጠጋኞችን ጠይቅ። ካጣህ የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ይሠራል፤ ውኃ ስላለበት ግን ቢያንስ አንድ ሰዓት አስደርቀው። አረቄ አይሆንም፤ ውኃውም ዝቃጩም ፒኑ ላይ ይቀራል። ቲነር ደግሞ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

ስፒናውን ነቅለህ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ማሽኑን ገልብጠው። ከጎኑ ያለውን ሞደም (የስልክ መስመር የሚሰካበትን ክፍል) መያዣውን ለቀቅ አድርገህ ወደ ጎን ሳበው፤ ከአራቱ ብሎኖች አንዱ ከሱ ሥር ተደብቋል። ይቺን ሳያዩ ክዳኑን በጉልበት የሚሰብሩ ብዙ ናቸው። አራቱን ከፈታህ በኋላ ማሽኑን መልሰህ አቁመውና ክዳኑን ወደ ላይ አንሳው። ከሲዲ ድራይቩ ጎን ለብቻው የተቀመጠው ቦርድ የኃይል ቦርዱ ነው። ትልቁን ካፓሲተር በጣትህ አትንካው፤ መጀመሪያ ሁለቱን እግሮቹን በመልቲሜተር ለካና ወደ ዜሮ መውረዱን አረጋግጥ።

የኃይል ቦርዱን ብሎኖች ፈትተህ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ አንሳው። ከሥሩ ከዋናው ቦርድ የቆሙ ስድስት ፒኖች ታያለህ። ሕመሙ እዚህ ነው። በብርሃን ጠጋ ብለህ እያቸው፦ ደህናው ፒን ያብረቀርቃል፤ የታመመው ግራጫ ሽፋን ይዟል፣ አንዳንዱም ሶኬቱ የነካካበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለበት አለው። ያ ሽፋን ኃይሉን ያንቀዋል። ስሌቱ ቀላል ነው። 3 አምፔር በሚያልፍበት ፒን ላይ 0.1 ኦም (ኦም ኃይሉን የሚያግደው ነገር መለኪያ ነው) ብቻ ቢጨመር 0.3 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል፤ 3.3 የነበረው 3.0 ይሆናል። ፕሮሰሰሩ በዚህ ጊዜ ይሳሳትና ማሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል። አንተ ጋ ከተከፈተ ቆይቶ መምጣቱም ለዚህ ነው፤ ሲሞቅ ብረቱ ይላላል፣ ግንኙነቱም ይብሳል።

እያንዳንዱን ፒን አልኮል ባስነካኸው ጥጥ አራቱንም ጎን ፈትግ፤ ጥጡ ጥቁር ማውጣቱን እስኪያቆም ድረስ ጥጥ እየቀያየርክ ቀጥል። ሽፋኑ እምቢ ካለ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለህ ተጠቀም፣ ፍርፋሪውን ግን ጠርገህ አውጣ። የአሸዋ ወረቀት አታስነካው፤ ልባጡን ይልጠውና በጥቂት ወር ውስጥ ከበፊቱ ይብሳል። ከዚያ ፒኖቹን በፒንሳው ጫፍ ከግማሽ ሚሊሜትር ባነሰ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ አዘንብላቸው፤ ሶኬቱን ይበልጥ ይጨብጡታል። ደጋግመህ አታጣምም፣ ይሰበራሉ። ከኃይል ቦርዱ ሥር ያለውን የሶኬቱን ብየዳም እይ፤ በእግሩ ዙሪያ ክብ ስንጥቅ ካለ በፍላክስ (ብየዳው እንዲይዝ በሚረዳው ቅባት) አቅልጠህ መልሰህ በየደው።

ቦርዱን መልሰህ ግፋው፤ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት። ክፍት እንደሆነ አብራና ጥቁሩን የመልቲሜተር ጫፍ የብረት ሽፋኑ ላይ፣ ቀዩን በፒኖቹ ሥር አድርገህ ለካ፦ 3.3፣ 5 እና 12 ቮልት ታገኛለህ። 3.3ቱ ከ3.2 በታች ከሆነ ገና አልጠራም። በዚህ ጊዜ የኃይል ቦርዱን ራሱን በጣትህ እንዳትነካው፤ ገዳይ ኃይል አለበት። ሌላ መንገድም አለ፦ የአውሮፓው ድሪምካስት የኃይል ቦርድ በዚሁ ቦታ ይገባል፣ የሚሠራውም በ220 ነው። ካገኘህ ኮንቨርተሩን ትገላገላለህ።

ፋኑንም በዚያው አጽዳው። የበጋው ቀይ አቧራ ክንፎቹ ላይ ይጋገራል። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ፋን ቆላ ከሚያወጣው ያነሰ ሙቀት ነው የሚያወጣው። ማሽኑ ጠፍቶ እያለ አቧራውን ስትነፋ ክንፉ እንዳይሽከረከር በጣትህ ያዘው።

ቀን የሚጠይቅህ ከፊት ያለው የጆይስቲክ ቦርድ ላይ የተበየደው ባትሪ ስለሞተ ነው። ባትሪው ሲሞት ሰዓቱ እ.ኤ.አ. ወደ ኖቬምበር 27 ቀን 1998 ይመለሳል፤ ድሪምካስት ጃፓን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሸጠበት ቀን ነው። ባትሪው ኤምኤል2020 ይባላል፣ ቻርጅ የሚደረግ ዓይነት ነው። ሰዓት ሠሪ ጋ ሄደህ ብትጠይቅ መልኩ የሚመሳሰለውን ሲአር2032 ይሰጥሃል። እሱ ቻርጅ አይደረግም፤ ቦርዱ ግን በግድ ቻርጅ ያደርገዋል፤ ያብጣል፣ ያፈስሳል። ኤምኤል2032 ግዛና ከማስቀመጫው ጋር በየደው፤ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ እንዳይምታታብህ። ሲአር2032 ትክክለኛ ቦታው ጆይስቲኩ ላይ በሚሰካው ትንሽ ሚሞሪ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሁለት ይገባሉ። ስታበራ «ጢጥ» የሚለው የነሱ ማለቅ ነው። ሚሞሪው ያስቀመጠልህ ጌም ግን ያለ ባትሪም አይጠፋም።

አሁንም ሲዲ ካላነበበ ሌንሱን በአልኮል ጥጥ ከመሃል ወደ ዳር በቀስታ ጥረገው። ሌንሱ የሚንሸራተትባቸውን ዘንጎች አጽዳና በጣም ጥቂት ነጭ ግሪስ ቀባ። በክረምት ብርድ ከሆነ ቦታ ያመጣኸውን ማሽን ወዲያው አትክፈተው፤ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል። ይህ ሁሉ ካልረዳ ብቻ ወደ ሌዘሩ ፖታ (የሌዘሩን ጉልበት ወደምታስተካክልበት ትንሽ የሚዞር ዕቃ) ሂድ። ሳትነካው ኦሙን ለካና ጻፈው፣ ከዚያ በጣም በትንሹ እያዞርክ ሞክር። ኦሙ ሲቀንስ ሌዘሩ ይበልጥ ይበራል፣ ዕድሜው ግን ያጥራል።

የጓደኞችህን ነገር በተመለከተ፦ ድሪምካስት በገበያ መክሰሩ እውነት ነው። የተሸጠው ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን አልፏል። ሴጋ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 መጨረሻ ማምረቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፣ ከዚያ ወዲህም የቤት ጌም ማሽን አልሠራም። ያከሰረው ግን የሰርኪቱ ድክመት አልነበረም። ከሱ በፊት የወጡት የሴጋ ማሽኖች ገዢውንም ጌም ሠሪውንም አስቀይመው ነበር፣ የኩባንያው ገንዘብም አልቆ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 2 ደግሞ ዲቪዲ ፊልም ያጫውት ነበር። በዚያ ላይ ሙዚቃ ሲዲ ለማጫወት ተብሎ በተተወ ቀዳዳ (የፕሮግራም ክፍተት) በኩል ቅጂ ጌም ያለ ምንም ተጨማሪ ቺፕ መሥራት ጀመረ።

ዛሬ አፍቃሪዎቹን ያቆየው ያው ቀዳዳ ነው። ማንም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም በተራ ሲዲ ገልብጦ በአብዛኞቹ ድሪምካስቶች ላይ ማሽኑን ሳይነካካ ያሠራዋል፤ ካሊስቲኦኤስ በሚባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ እስከ ዛሬ አዳዲስ ጌሞች ይሠሩለታል። እነዚህ ሰዎች የሚናቁ አይደሉም። ከላይ የነገርኩህን የፒንና የባትሪ መፍትሔ እየለኩ፣ እየፈተኑ፣ ለማያውቁት ሰው በነፃ እያስረዱ ያቆዩት እነሱ ናቸው። ማሽኑ ጉድለት የለውም አልልህም፤ ድራይቩ ይጮኻል፣ ጆይስቲኩም አንድ አናሎግ ብቻ ነው ያለው። ምስሉ ግን ከዘመኑ ቀድሞ ነበር። የቪጂኤ ገመድ ብታገኝለት አብዛኞቹ ጌሞች በ640 በ480 ጥርት ብለው ይወጣሉ፤ ቢሮዎች የሚያስወግዱት አሮጌ የኮምፒውተር ሞኒተር ይበቃዋል። ድምፁ በሞኒተሩ ገመድ ስለማይሄድ ለብቻው ወደ ስፒከር ውሰደው።

ድራይቩ ጨርሶ ከሞተ በቦታው የሚገባ፣ ከኤስዲ ካርድ የሚያነብ ጂዲኢሙ የሚባል ቦርድ አለ። ሰው ከውጭ እንዲያመጣልህ ከማዘዝህ በፊት ማሽኑን ገልብጥና ታች ያለውን ወረቀት አንብብ። ከአገሩ ምልክት ቀጥሎ በክብ ውስጥ ያለው ቁጥር 1 ከሆነ ይገባል፤ 0 ከሆነ ግን አይሠራልህም፣ ገንዘብህን ለደህና ድራይቭ አውጣው።