ለቀስት አደን ብለህ ስቴት ከመቀየርህ በፊት የእረፍት ቀንህን ቁጠር

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ባጭሩ ይህን ይላል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኖራለህ፤ በዲሴምበር በነርሲንግ ትመረቃለህ፤ ግሪን ካርድ አለህ። የምትተኩሰው ለመሳብ 45 ፓውንድ ኃይል በሚጠይቅ ሪከርቭ (ጫፎቹ ወደ ፊት የታጠፉ ባህላዊ ቀስት) ነው፤ ኮምፓውንድም (በመዘውር የሚሳበው ዘመናዊ ቀስት) ጠመንጃም አትፈልግም። ከተመረቅህ በኋላ የምትኖርበትን ስቴት በባህላዊ ቀስት አደን ልትመርጥ አስበህ ሞንታናን አንደኛ፣ አላስካን ሁለተኛ፣ ከዚያ ኮሎራዶን፣ ቴክሳስንና ዊስኮንሲንን ደርድረሃል። አንድ የሞንታና የገጠር ሆስፒታል ጠቀም ያለ የፊርማ ቦነስ አቅርቦልሃል። ቤተሰብ ደግሞ «ነርስ ሆኖ ቀስት ይዞ ጫካ መግባት ምን ይሉታል? እዚሁ ሆነህ ደብል እየሠራህ የወንድምህን ቤት አስጨርስ» ብሎሃል።

ከቤተሰብ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ሰው በሰዓት አምስት ዶላር ተጨመረልኝ ብሎ አገር አቋርጦ ሲሄድ «ጎበዝ» ይባላል፤ ለሚወደው ነገር ሲሄድ «ቀበጠ» ይባላል። ይህን አልቀበልም። የወንድምህ ቤት ያንተ ዕዳ አይደለም። መርዳት ከፈለግህ በወር የምትልከውን አንድ ቁጥር ወስን፣ ንገራቸው፣ እሱን ሳታጓድል ላክ። መጠኑ ያልተነገረ እርዳታ መጨረሻ የለውም፤ በዓመቱ ደብል ሺፍት ላይ ያለ ዕረፍት የምትገኘው አንተ ነህ።

አሁን ወደ ዋናው። «ትልቅ ኤልክ (ግዙፉ የተራራ አጋዘን) ያለው የት ነው?» ብለህ ጀምረሃል፤ በሪከርቭ ለሚያድን ሰው ግን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ያለ ማነጣጠሪያ መነጽርና ፒን በጣት የሚስብ ሰው እርግጠኛ የሚሆነው እስከ 20 ያርድ ነው፤ ብዙ ቀን 15። እዚያ ርቀት ላይ ለመድረስ እንስሳ ደጋግሞ አጠገብህ ማለፍ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልግህ ብዙ ቀን ነው። ስለዚህ ስቴትን የምታወዳድረው በዓመት ስንት ቀን ጫካ ውስጥ ልቀመጥ እችላለሁ በሚል ሒሳብ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሆስፒታል ነርስ በሳምንት ሦስት ባለ 12 ሰዓት ሺፍት ከሠራ አራት ቀን ነፃ ነው። የኮሎራዶ የኤልክ ቀስት ወቅት ከሴፕቴምበር 2 እስከ 30 ነው፤ አራት ሳምንት፣ 16 ነፃ ቀን። የዊስኮንሲን የአጋዘን ቀስት ወቅት ከሴፕቴምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ መጀመሪያ ይሄዳል፤ 16 ሳምንት ያህል፣ 64 ነፃ ቀን። ግማሹን ለእንቅልፍ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለቤት ሥራ ብትተው ኮሎራዶ 8 ቀን፣ ዊስኮንሲን 32 ቀን ይቀርሃል። ከኮሎራዶው 8 ቀን ላይ ደግሞ ወደ ተራራው የምትነዳውንና በእግር የምትወጣውን ሰዓት ቀንስ። የሞንታና የቀስት ወቅት ስድስት ሳምንት ያህል ስለሆነ ይሻላል፤ መንገዱ ግን ያው ነው።

ኤልክ ቢሳካልህስ? አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ 200 ፓውንድ ሊደርስ ይችላል። በሴፕቴምበር ሙቀት፣ ብቻህን፣ በአንድ ጉዞ 50 ፓውንድ ተሸክመህ አራት ጊዜ መመላለስ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሰባት ሰዓት ፈረቃ ላይ መገኘት ያለበት አዲስ ነርስ ይህን ባልለመደው አገር ብቻውን ባይጀምረው ይመረጣል። አጋዘን ግን በአንድ ማታ ተገፎ፣ ተቆራርጦ ፍሪጅ ይገባል።

ቀጥሎ ነዋሪነት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመንጃ ፈቃድ ስለቀየርክ ብቻ የነዋሪ አደን ፈቃድ አይገባህም። ዊስኮንሲን 30 ቀን፣ ሞንታና ተከታታይ 180 ቀን፣ ኮሎራዶ ስድስት ወር፣ አላስካ አስራ ሁለት ወር መኖር ይጠይቃሉ። ልዩነቱ በገንዘብ ይታያል፤ በሞንታና ነዋሪ የኤልክ ታግ (አንድ እንስሳ የማደኛ ፈቃድ) የሚገዛው በአስር ዶላሮች ቤት ነው፣ ከውጭ የሚመጣው ግን ከ1,000 ዶላር በላይ አውጥቶ ዕጣውም ሊወጣለት ይገባል። ኮሎራዶም ከ2025 ጀምሮ ከኢንተርስቴት 25 አውራ ጎዳና በስተምዕራብ ያለውን የኤልክ ቀስት ታግ ነዋሪ ላልሆነ ሰው ያለ ዕጣ መሸጥ አቁሟል። ሞንታና በሴፕቴምበር 1 ነዋሪ ሆኖ ለመገኘት ቢዘገይ በማርች መጀመሪያ እዚያ መግባት አለብህ። «ቀኑን ትንሽ ወደኋላ ብጽፈውስ?» የሚል ምክር ከሰማህ ጆሮህን ድፈን። የሐሰት ነዋሪነት ወንጀል ነው፤ አንድ ስቴት ፈቃድህን ቢያግድ አብዛኞቹ ስቴቶች በመካከላቸው ባለው ስምምነት ያግዱሃል፤ አንተ ደግሞ ነገ የዜግነት ማመልከቻ ላይ ስለ ክስና ጥፋት ስትጠየቅ እውነቱን የምትጽፍ ሰው ነህ።

የቀሩትን ስቴቶች በአጭሩ። አላስካ በነርስ ፈቃድ ስምምነት (በአንዱ ስቴት የወጣ ፈቃድ በሌላውም እንዲሠራ በሚያደርገው) ውስጥ የለም፤ ሙስ ለሚባለው ግዙፍ አጋዘን ደግሞ ሕጉ 50 ፓውንድ ቀስት ይጠይቃል። ያንተ 45 የተለካው 28 ኢንች ሲሳብ ነው፤ እጅህ 27 ላይ ከቆመ የምትስበው 43 ገደማ ነው። ኮሎራዶ 35፣ ዊስኮንሲን 30 ስለሚሉ እነዚያ ላይ ችግር የለብህም። ቴክሳስን ያስመረጠህ ዓመቱን ሙሉ የሚታደነው የዱር አሳማ ነው፤ ግን አሳማ አልበላም ብለህ በዚሁ ደብዳቤ ጽፈሃል። መሬቱም 95 በመቶ ያህሉ የግል ነው፤ የባለ መሬት ዘመድ የሌለው ሰው ለመግባት ይከፍላል። ሰርዘው።

የኔ ሐሳብ ከዝርዝርህ መጨረሻ ያስቀመጥከው ዊስኮንሲን ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት። በአሜሪካ የመጀመሪያው የቀስት ብቻ የአጋዘን ወቅት የተከፈተው እዚያ ነው፣ በ1934። በሰሜን ያለው የሽዋመገን ኒኮሌት ብሔራዊ ደን ከ1.5 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው፤ በምዕራብ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የሚታደንባቸው የሕዝብ መሬቶች አሉ። ላ ክሮስን ተመልከት፤ ትልልቅ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ነው፣ ጫካውና የወንዙ ረግረግ ከደጅ ይጀምራል። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አጋዘን በ15 ያርድ የምታይበት አገር ነው። ማወቅ ያለብህ ችግርም አለ፤ የአጋዘን የሚያመነምን በሽታ ከ2002 ጀምሮ ስቴቱ ውስጥ አለ። ጭንቅላቱን ለምርመራ ስጥ፣ ውጤት እስኪመጣ ሥጋውን ለይተህ አቀዝቅዝ፣ በሽታው ከተገኘበት አትብላ። በኖቬምበር መጨረሻ የጠመንጃ ወቅት ሲከፈት ደግሞ ቀስተኛም ቢሆን ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስ መልበስ ግዴታው ነው።

የሞንታናውን ቦነስ አሁን አትፈርም። ሆስፒታል ውስጥ ያደግሁ ነርስ ስለሆንኩ አድልዎ ይኖርብኛል፣ ግን ምክንያቱን እይ። ገጠር ያሉት ትንንሽ ሆስፒታሎች 25 አልጋ ወይም ከዚያ በታች ናቸው። ሌሊት ሁለት ነርስ ሆነህ ድንገተኛውንም፣ የተኛውንም፣ ወላዷንም ልትይዝ ትችላለህ። ልምድ ላለው ሰው ግሩም ሥራ ነው፤ ትናንት ለተመረቀ ግን የሚያስተምረው ሰው በሌለበት መማር ነው። ቦነሱም ዕዳ ነው፤ ሁለት ዓመት ሳትሞላ ከወጣህ ትመልሳለህ። የሚመለሰው ታክስ ከመቆረጡ በፊት ያለው ነው ወይስ እጅህ የገባው? ውሉ ላይ ካልተጻፈ አስጽፍ። ሁለት ዓመት ትልቅ ሆስፒታል ከሠራህ በኋላ ሞንታና ራሷ ትፈልግሃለች፤ ያኔ የሺፍት ምርጫውንም አብረህ ትደራደራለህ።

የሥራው ቀን አቆጣጠር ላይ ተጠንቀቅ፤ የመጀመሪያው ወቅት የሚበላሸው እዚህ ነው። አዲስ ምሩቅ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ኦሪየንቴሽን ላይ ነው፤ በዚያ ጊዜ ፕሮግራምህ የአሠልጣኝህ ፕሮግራም ነው። በጁላይ ወይም ኦገስት ከሚጀምረው ቡድን ጋር ከገባህ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር አለቁ። በዲሴምበር ተመረቅ፣ በጃንዋሪ ኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ ፈተናውን) ተፈተን፣ በፌብሩዋሪ ወይም ማርች ከሚጀምር ቡድን ጋር ግባ። ቨርጂኒያም ዊስኮንሲንም የነርስ ፈቃድ ስምምነት አባል ስለሆኑ በቨርጂኒያው የብዙ ስቴት ፈቃድ ሥራ መጀመር ትችላለህ፤ መኖሪያህን ካዛወርክ ግን በ60 ቀን ውስጥ ለአዲሱ ስቴት ፈቃድ ማመልከት አለብህ።

ኢንተርቪው ላይ ይህን ጠይቅ፤ ፕሮግራሙን ነርሱ ራሱ ያወጣል ወይስ ይሰጠዋል? የሁለት ሳምንቱ ዙር እሑድ የሚጀምር ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስት ሺፍት እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ፣ የሁለተኛውን ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ አድርግ። በመሃል ከረቡዕ እስከ ረቡዕ ስምንት ቀን፣ ከዕረፍት ፈቃድህ አንድ ሰዓት ሳትነካ፣ ነፃ ነህ። በየሁለተኛው ቅዳሜና እሑድ መሥራት ግዴታ ስለሚሆን ይህም ከዚያ ጋር ይስማማል።

አንድ ዕድል ደግሞ አለህ። ባልደረቦችህ የሚጣሉት ለታንክስጊቪንግና ለዲሴምበር 25 ነው። አንተ ገናን በጃንዋሪ 7 የምታከብር ሰው፣ ሁለቱንም ቀን ልሥራላችሁ ብለህ በምትኩ የኖቬምበርን የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ጠይቅ። ያ ጊዜ ወንዱ አጋዘን ሴት ፍለጋ ቀን በቀን የሚንቀሳቀስበት፣ ለቀስተኛ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ነው። ጠመንጃ አዳኙ ባልደረባህ ዕረፍቱን የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ተቀናቃኝ የለህም።

ሌሊት ሺፍት ከደረሰህ፣ ከፈረቃ ወጥተህ ቀጥታ ዛፍ ላይ አትውጣ። ከዛፍ ላይ መቀመጫ መውደቅ አጋዘን አዳኞችን ክፉኛ ከሚጎዱት አደጋዎች ዋነኛው ነው። ተኛ፣ ከሰዓት ሂድ፤ ሙሉ ሰውነት የሚይዘውን ቀበቶ እግርህ መሬት ሳይለቅ እሰርና ከገመዱ ጋር ተያያዝ። ትከሻህም ለሁለት ጌታ ያገለግላል፤ በሽተኛ የሚያገላብጠውም ቀስት የሚስበውም እሱ ነው። የምትሠራበት ክፍል ከጣሪያ የተሰቀለ የበሽተኛ ማንሻ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ። ከሦስት ተከታታይ ሺፍት በኋላ ስትለማመድ መቶ ፍላጻ አትተኩስ፤ የደከመ ትከሻ ቀስቱ ሙሉ በሙሉ ሳይሳብ መልቀቅ ያስለምድሃል፣ ያንን ልማድ ማስለቀቅ ወራት ይፈጃል። በቀን ሃያ፣ አንድ በአንድ፣ ይበቃል።

እናትህ ስላነሱት ያልተባረከ ሥጋ፣ ያንን ለነፍስ አባትህ አቅርበው፤ የእኔ ሙያ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ዘንድሮ የት ነው የምታድነው? የቨርጂኒያ ቀስት ወቅት የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው፤ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የከተማ ቀስት ወቅት የሚፈቀድባቸው ቦታዎች ደግሞ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ ጀምሮ ክፍት ናቸው። በስተምዕራብ 1.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን አለ። ደብዳቤህ ውስጥ አንድም ቦታ እዚያ ሄጄ ነበር አላልክም። ትምህርት ላይ ሆነህም ቢሆን አሥር ማታ ተቀመጥ፤ ብርዱን፣ ዝምታውን፣ ባዶ እጅ መመለሱን ከወደድከው ማርች ላይ ሻንጣህን አዘጋጅ። የአዳኝ ትምህርቱንም አሁኑኑ ጨርስ፤ ሰርተፍኬቱ በሌሎች ስቴቶችም ይሠራል። ሞንታናና አይዳሆ ከዚያ ሌላ የቀስት አደን ትምህርት ለብቻው ስለሚጠይቁ፣ የመስክ ቀን ያለውን ኮርስ ከሥራ በፊት፣ በዚህ በጋ ውሰደው።