እሜቴ ሁለት ጊዜ 60 ዓመት ሞላት

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ሰው በመቁጠር ነው። በ1976 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ የ21 ዓመት ጎረምሳ ቆጣሪ ነበርኩ። በ1987ቱ ተቆጣጣሪ ሆንኩ። በ1999ኙ ደግሞ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሌሎች የላኩትን ቅጽ አርም ነበር። አራተኛው ቆጠራ ሲራዘም፣ ደግሞ ሲራዘም፣ እኔ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግን ይሄው ሙያዬ ስላሳፈረኝ አንድ ሌሊት ነው።

አያቴን እሜቴ ነበር የምንላት። ያረፈችው በ2009 ዓ.ም. በሚያዝያ ነው፣ መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ ባለች መንደር። የተደወለልኝ አመሻሽ ላይ ነበር። ደብረ ብርሃንን አልፈን ታርማበር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ቤት የደረስነው ሌሊት ነው። ገና አልቅሼ ሳልጨርስ አጎቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ ሰው ስትቆጥር ነው የኖርከው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኳን ጻፍልን» አለኝ።

አጻጻፉን ታውቁታላችሁ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው መንዝና ግሼ አውራጃ፣ በዚህ ዓመተ ምሕረት ተወለዱ።» እስከ አውራጃው ድረስ ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ። መቼ ተወለደች? አላውቅም። ልጅነቷ እንዴት ነበር? አላውቅም። ስንት ወለደች? እሱን እንኳ የማውቅ መስሎኝ 6 ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ «እንግዳ ተቀባይና ሩኅሩኅ እናት ነበሩ» ብዬ ዘጋሁት። ይቺ ዓረፍተ ነገር ለማንም ሴት ትነበባለች እኮ! እንዲህ ያለ ወረቀት በየቀብሩ ስሰማ ኖሬያለሁ፣ የራሴኑ አያት እንደዚያ አድርጌ ሸኘኋት።

በማግስቱ ከኔ ወረቀት ይልቅ የአልቃሿ ሙሾ ስለ እሜቴ ብዙ ተናገረ።

«እንዝርቱን ምን ነካው፣ ዛሬስ አልዞረልኝ፣
ብርዱ መጣ መሰል፣ የሚያለብስ ጠፋኝ።»

ሰው ሁሉ ደረቱን መታ። እሜቴን የሚያውቅ ሰው እንዝርቷን ያውቃል። መንዝ ብርድ ነው፣ ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የሌለው ሰው ክረምቱን አይወጣም። ሱፉ ከመንዝ በግ ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ ከዚያ ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔው ይሠራዋል። እሜቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብላ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ታሾረዋለች። ከብዙ ዓመት መፍተል የተነሳ ጭኗ ላይ አንድ ቦታ ቆዳው እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሶ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ በጣቴ እየነካሁ እጫወትበት ነበር። ከልጅ ልጆቿ አንዱ ለትምህርት ከቤት ሲወጣ አንድ ባና ይሰጠዋል። የኔው እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አለ። ልጆቼ ይኮሰኩሳል ብለው አይነኩትም። ዝናብ በበዛ ሰሞን ግን ከቁም ሳጥኑ ውስጥ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ያን ጊዜ እከፍተውና ዝም ብዬ እቆማለሁ።

አሁን ሳስበው እሜቴ የምታወራው ስትፈትል ብቻ ነበር። ቁጭ በይና ታሪክሽን ንገሪን ብትሏት «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» ብላ ትነሳለች። እንዝርቱ ሲዞር ግን ወሬውም ይዞራል። እኔ ያን ጊዜ በኩራዝ ብርሃን ለፈተና አጠና ነበር። ያጠናሁትን አንዱንም አላስታውስም፣ እሷ ያወራችውንም አልሰማሁም።

የቆጠራውን ነገር ልንገራችሁ። በ1976 እኔ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄጄ የሰው አያት ስቆጥር፣ የኔን አያት ሌላ ልጅ መጥቶ ቆጠራት። ኋላ እየሳቀች አጫውታኛለች። «ዕድሜሽ ስንት ነው አለኝ። ስንት እመስልሃለሁ አልኩት። 60 አለ። ይሁን ብዬ ቆሎ ዘገንኩለት» አለች። ከ11 ዓመት በኋላ ሁለተኛው ቆጠራ መጣ። ሌላ ልጅ ጠየቃት። «60» አለችው፣ ተመዝግቤበታለሁ ብላ። በ1999ኙ ደግሞ «እንግዲህ 80 በለው» አለች። እኛ ቢሮ ውስጥ ይህን ነገር እናውቀዋለን፤ ሰው ዕድሜውን በማያውቅበት አገር በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከሌሎቹ ተለይተው ቁጥራቸው ያብጣል። በግራፍ ሲሣል መጋዝ ይመስላል። ከነዚያ የመጋዝ ጥርሶች አንዱ ላይ አያቴ ተቀምጣ እንደነበር ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ደግሞ የሚያናድደው መድኃኒቱን ማወቄ ነው። ቆጣሪ ሲሠለጥን ዕድሜውን ለማያውቅ ሰው የታሪክ ክስተቶች ዝርዝር ይሰጠዋል። የሰገሌ ጦርነት በ1909፣ የሕዳር በሽታ በ1911፣ ጣልያን አዲስ አበባ የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933። «ያኔ ምን ታደርጊ ነበር? እረኛ ነበርሽ? አግብተሽ ነበር? ልጅ አዝለሽ ነበር?» እያልክ ታሰላዋለህ። ይህን ጥያቄ በየቤቱ ለማላውቃቸው አሮጊቶች ስጠይቅ ከረምኩ። ለእሜቴ ግን በየበዓሉ ስኳርና ሻማ ይዤ እሄዳለሁ፣ ጉልበቷን ስሜ ቁጭ እላለሁ፣ ስለ ጤናዋ እጠይቃለሁ፣ በማግስቱ እመለሳለሁ። በቃ።

ከሰልስቱ በኋላ እንግዳው ቀለል ሲል ከድንኳኑ ጥግ አንዲት የጎረቤት አሮጊት ጠሩኝ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። «አንተ ልጅ፣ ያነበብከውን ሰማሁ፤ ዓመቷን ዘለልከው» አሉኝ። ሽምቅቅ አልኩ።

«ጥርሷን የነቀለች ጊዜ አብሬያት ነበርኩ» አሉ ቀጠሉና። አርበኛው በየገደሉ በሚዋጋበት፣ ጣልያንም መንደር በሚያቃጥልበት ጊዜ ነው። የኛ መንደር ሰው ዋሻ ገብቶ ነበር፣ ከብቱም ሰዉም ባንድ ላይ። እዚያው ዋሻ ውስጥ የእሜቴ የፊት ጥርስ ወለቀ፣ የመጀመሪያው። ልጅ ጥርሱ ሲወልቅ ጣሪያ ላይ ይወረውራል። ዋሻ ደግሞ ጣሪያ የለውም። እሜቴ አለቀሰች። እናቷ ጥርሱን በቀሚሷ ጫፍ ቋጠሩላትና «ቤታችን ስንመለስ ትወረውሪዋለሽ» አሏት። ሲመለሱ የጓሳ ክዳኑ ነዶ ግድግዳው ብቻ ቆሟል። «በኋላ የኛ ቤት ተርፎ ስለነበር የኛ ጣሪያ ላይ ወረወረችው» አሉኝ አሮጊቷ። «ጥርሷ እኛ ቤት ነው ያለው እያልኩ ሳሾፍባት ነው ያረጀነው።»

የመጀመሪያው የወተት ጥርስ በ6 ወይ በ7 ዓመት ይወልቃል። ጊዜው 1929 አካባቢ ነው። እንግዲህ እሜቴ የተወለደችው 1922 ግድም ነው፣ ያረፈችውም በ87 ዓመቷ ገደማ። ያ ልጅ 60 ብሎ ሲጽፋት ገና 54 ነበረች ማለት ነው። ይህን ለማስላት አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከ50 ዓመት በላይ ግን ያቺን ጥርስ ሳልሰማ ኖሬያለሁ።

ሌላም አለ። «ስንት ወለዱ አልክ?» አሉኝ። 6 አልኳቸው። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ዘጠኝ። ሦስቱ ሳይጠመቁና ሳይራመዱ የቀሩ ናቸው። ረጅሙ የቆጠራ መጠይቅ ላይ ይህ ጥያቄ አለ፤ ስንት ወለድሽ፣ ስንቱ በሕይወት አሉ፣ ስንቱ ሞቱ። ሴቶች ሲመልሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ እኔም ቶሎ ጽፌ ገጹን እገለብጥ ነበር። እሜቴ በየዓመቱ በአንድ የታወቀ ቀን ንፍሮ ቀቅላ የሰፈሩን ሕፃናት ጠርታ ታዘግናቸው ነበር። ስለት ይመስለን ነበር። ቀኑ ለምን ያ ቀን እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው። ሦስቱንም በዚያው ቀን ታስባቸው ነበር።

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ። ከ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በየቀበሌው ተጀምሯል፣ ልጆቻችሁ የልደት ሰርተፊኬት ይኖራቸዋል። ሰርተፊኬቱ ግን ጥርስ አይመዘግብም። ስለዚህ አያት ያላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ አንዲት አሮጊት ያለች ሁሉ፣ ዘንድሮ ለበዓል ስትሄዱ እባካችሁ «መቼ ተወለድሽ» ብላችሁ አትጀምሩ። ይሄ የቀበሌ ጥያቄ ነው፣ መልሱም «እግዜር ያውቃል» ነው። መጀመሪያ ያየሽው መኪና ምን መሰለሽ በሏት። የመጀመሪያ ጫማሽን ማን ገዛልሽ፣ ስታገቢ ምን ለብሰሽ ነበር፣ በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ አባባ ምን አለ በሏት። እጇ ሥራ ላይ ሲሆን ጠይቋት፣ ባቄላ ስትፈለፍል፣ ቡና ስትቆላ። ስልካችሁን አፍንጫዋ ሥር አትደቅኑባት፣ ቀረጻውን ከፍታችሁ ጎን ላይ አስቀምጡት። የንጉሡን ዘመን ከደርጉ ብትቀላቅልም አታርሟት፣ በኋላ ታስተካክሉታላችሁ፤ ባለሙያ ነኝና እመኑኝ ይስተካከላል። ዝም ስትል እናንተም ዝም በሉ። እኔ ቆጣሪ ሆኜ ያጠፋሁት ትልቁ ጥፋት ገጹን ቶሎ መገልበጤ ነው። ስለሞቱት ልጆች ከሆነ ደግሞ እሷ ካላነሳችው አታንሱት። ጎረቤቶቿንም እንዳትረሱ፣ ልጆቿ የማያውቁትን ጎረቤት ያውቃል።

እናቴ አሁንም አለች። እዚያው መሐል ሜዳ ነው የምትኖረው፣ በኔ ስሌት 1938 ግድም የተወለደች ናት፣ መታወቂያዋ ላይ ግን ሌላ ነው የተጻፈው። ባለፈው ፋሲካ ሄጄ በረንዳው ላይ ሰፌድ ይዛ ስንዴ ስትለቅም ቁጭ አልኩ አጠገቧ። ስልኬን ጋቢዬ ላይ አኖርኩት። ጠጠሩን ከስንዴው እየለየች ዝም ብላለች።

«እማዬ፣ መጀመሪያ የወለቀ ጥርስሽን የት ወረወርሽው?» አልኳት።

ሰፌዱን ጭኗ ላይ አሳርፋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ድድዋን እያሳየች ሳቀች።

«የትኛውን?» አለችኝ። «የድሮውን ነው ወይስ የአምናውን?»