የቴታነስ ታማሚ ለገባብሽ እህቴ

«ዋርዳችን የቴታነስ (የመንጋጋ ቆልፍ) ታማሚ ገባ፤ ዓይነቶቹ ይምታቱብኛል፣ እንክብካቤው ከየት ይጀመር?» ብለሽ ጠይቀሻል። ባህር ዳር በተመደብኩ በመጀመሪያው ዓመት እኔንም ያስጨነቀኝ ይኸው ነበርና ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ዓይነቱ አራት ነው። በብዛት የሚያጋጥምሽ መላ ሰውነትን የሚይዘው ነው። ከመንጋጋ ይጀምርና አንገት፣ ሆድ፣ ጀርባ እያለ ይገትራል። ሌላው ቁስሉ አካባቢ ያለውን ጡንቻ ብቻ ይይዛል፤ ቀለል ይላል፣ ግን ሊዛመት ስለሚችል አትዘናጊ። ከራስ ቁስል ወይም ከጆሮ ሕመም የሚነሳው ደግሞ ፊትን ያሽመደምዳል። የጨቅላው ከሁሉ ይከፋል። ደህና ይጠባ የነበረ ልጅ በሳምንቱ ገደማ ጡት መያዝ ካቃተው፣ እትብቱ በምን እንደተቆረጠና ምን እንደተቀባ፣ እናቱም ተከትባ እንደሆነ ጠይቂ።

2. ጸጥታና ጨለማ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። ታማሚዬ ከጣና ዳር የመጣ ታንኳ ሠሪ ነበር። ደንገል ሲያጭድ እግሩን ተወግቶ፣ ቁስሉ ሽሮ ረስቶታል። አፉ አልከፈት ሲለው አንድ ቦታ «ጥርስ ነው» ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሸኙት። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ካርድ የሚያወጣው ሰው «እሱ ራሱ ስሙን ይናገር!» ብሎ ወንድሙ ላይ ጮኸ። አፉ የተቆለፈ ሰው እኮ ነው! እስካሁን ያናድደኛል።

ግን የእኔ ጥፋት ይብሳል። ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የተኛ መስሎኝ መብራቱን ቦግ አድርጌ ገባሁ፣ የብረት ትሪ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ሰውየው ወደ ኋላ እንደ ደጋን ተቆለመመ፣ አልጋውን የነካው ማጅራቱና ተረከዙ ብቻ ነበር። ከንፈሩ ጠቆረ። ዓይኑ ግን እኔን ያያል። ቴታነስ አእምሮን አይወስድም፣ ሕመሙን ሁሉ ያውቀዋል። ኦክስጅን ሰጥተን፣ ምራቁን በሳክሽን (በመምጠጫ መሣሪያ) አውጥተን፣ ሐኪሙ ዳያዜፓም የሚባለውን ማስታገሻ በደም ሥር አዝዞለት ነው የተመለሰው።

በማግስቱ መስኮቱን በአንሶላ ጋረድኩ፣ የበሩን መቀርቀሪያ በፋሻ ጠቀለልኩ። አንቺም ቪታል ሳይኑን (ትኩሳት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት መለካቱን)፣ ማገላበጡን፣ ቁስል ማጠቡን ማስታገሻው ከሠራ በኋላ አንድ ጊዜ ገብተሽ ጨርሺው። ከመንካትሽ በፊት ቀስ ብለሽ ንገሪው። በአፉ ምንም አትስጪ። ትንፋሹን ቁጠሪ፣ ዳያዜፓም ትንፋሽ ያዳክማል። የልብ ምቱና ግፊቱም ድንገት ይዘላሉ።

3. አንቲቶክሲን (የቴታነስ ጀርም የሚያመነጨውን መርዝ የሚያመክነው መድኃኒት) ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ አያስወጣም፣ ገና ያልገባውን ነው የሚይዘው። ስለዚህ «ነገ ይገዛል» ካሉሽ ተሟገቺ፣ እኔ ፋርማሲው በር ላይ ቆሜ ተጨቃጭቄያለሁ። ከፈረስ ደም የተሠራው ከሆነ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ያለ ቆዳ ምርመራ እንዳትወጊ፣ አድሬናሊንም አጠገብሽ ይኑር።

4. ክትባቱን እንዳትረሺ። ቴታነስ ይዞት የዳነ ሰው እንደገና ሊይዘው ይችላል። ለታንኳ ሠሪው የመጀመሪያውን በገባ ቀን፣ ሁለተኛውን በአራተኛው ሳምንት ሊወጣ ሲል ሰጠነው። ሦስተኛውን ሊወስድ በስድስት ወሩ መጣ። ካርድ ክፍል ቆሞ ስሙን በራሱ አፍ ሲናገር ሰማሁት።