አሮጌ ሃይሉክስን ትንሽ ከፍ ማድረግ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ1999 ሞዴል ናፍጣ ሃይሉክስ አለኝ። ፊቱ ቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ)፣ ኋላው ባሌስትራ ነው። የገጠር መንገድ ላይ ሆዱን እየመታብኝ ተቸገርኩ። አምስት ሴንቲ ላስነሳው ብዬ ጋራዥ ብጠይቅ «ፊቱን በብሎን እናጠብቀዋለን፣ ኋላው ላይ ብረት እናስገባለን፣ ዛሬውኑ ትወስደዋለህ» አሉኝ። እሺ ልበል?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ከስር ግባና ምኑ እንደሚመታ እይ። ጭረቱ የኋላው ዲፈረንሻል (በኋላ ጎማዎቹ መሃል ያለው ድቡልቡል የጥርስ ቤት) ላይ ከሆነ ባሌስትራ ማስነሳት አይጠቅምህም። ከፍ የሚለው ሻንሲው ነው፤ ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር እዚያው ይቀራል። እሱን የሚያነሳው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው። ከ205/80 አር 16 ወደ 245/75 አር 16 ብትሄድ የጎማው ቁመት 4 ሴንቲ ይጨምራል፤ ዲፈረንሻሉ የሚደርሰው ግማሹ ነው። ያኔ ቆጣሪው 80 ሲልህ አንተ 84 አካባቢ እየነዳህ ነው።

የሚመታው ሻንሲው ወይም ነዳጅ ታንከሩ ከሆነ ግን ማስነሳቱ ያዋጣል። ባዶውን ደልዳላ ቦታ አቁመህ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም ለካ። ባሌስትራው ያለ ጭነት ቀጥ ብሎ ከተኛ ደክሟል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ሰው «ማስነሳት» የሚለው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቁመት መመለስን ነው። አዲስ ባሌስትራ ግዛ። በእሳት አሙቆ ማስቀጥቀጥ ይረክሳል፤ ግን ብረቱ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ተመልሶ ይተኛል።

ፊቱን በብሎን ማጥበቅ ይቻላል፣ 3 ሴንቲ ይብቃህ። ከዚያ ካለፈ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያጣል፣ መኪናው ይደነብራል። የሲቪ ጆይንቱ (ኃይል ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሰው መታጠፊያ) የላስቲክ መሸፈኛም ከመታጠፍ ብዛት ይቀደዳል። ስትጨርስ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው።

ኋላው ላይ በአክስሉና በባሌስትራው መሃል አንድ በልኩ የተሠራ ብረት ቢገባ አልቃወምም። ሁለት ደራርቦ ማስገባት ግን አይሞከርም። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልትም አዲስና ረዘም ያለ ይሁን፤ አሮጌውን ዳዶ መልሶ ማሰር ስስት ነው።

ጋራዡ ያልነገረህ ፍሬኑን ነው። ከኋላ አክስል ተነስቶ ሻንሲው ላይ ካለ የፍሬን ቫልቭ ጋር የተያያዘ ቀጭን ዘንግ አለ። ስትጭን ኋላው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ የኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ያገኛል። መኪናው ሲነሳ ቫልቩ ጭነት መኖሩን አያውቅም። አስር ኩንታል ጭነህ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርድ የፊት ፍሬን ብቻውን ይለፋል፣ ይግላል። ስለዚህ ዘንጉ አክስሉ ላይ የታሰረበት መያዣ ኋላው በተነሳበት ልክ ከፍ ይበል። «ነቅለን እንጣለው» ካሉህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ከዚያ ሻንሲውን በክሪክ አንሳና ጎማዎቹ ተንጠልጥለው የፍሬን ቱቦዎቹን እይ። ከተወጠሩ ረዘም ያሉ ይግቡ። ሾክ አብዞርበሩም አጥሮ አክስሉን አንጠልጥሎ ከያዘ እንደዚሁ።

የባሌስትራው ጎማ ቡሽ ያለባቸው ብሎኖች የመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከታሰረ ቡሹ ተጠምዝዞ ቶሎ ይበላል። ዩ ቦልቱን ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግመህ አጥብቀው። የፊት መብራቱንም ዝቅ አድርግ፤ የመጪውን ሹፌር ዓይን ይወጋል።