ሌሊት ልባቸው ለሚመታ ልጆቼ

ደሴ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ያሳለፍኩት በሌሊት ተረኝነት ነው። ድንገተኛ ክፍል ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሚመጣውን ወጣት ገና ከበሩ ሲገባ አውቀዋለሁ። ጋቢውን እንደለበሰ፣ በነጠላ ጫማ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚመጣው። ደግፎ ያመጣው አብሮት የተከራየው ጓደኛው ነው። "ሲስተር፣ ልቤ ሊቆም ነው" ይለኛል።

አንዱን አልረሳውም። ተማሪ ነበር፤ ጊዜውም የፈተና ሰሞን። የልብ ምቱን ቆጠርኩት፣ በደቂቃ 118። የልብን ምት በወረቀት የሚያሳየው ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ተነሳ፣ ደህና ነው። የደም ግፊቱም ደህና ነው። ወረፋው ረጅም ስለነበር "ምንም የለህም፣ ሂድና ተኛ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "መተኛቱን እኮ ነው ያቃተኝ" ብሎኝ ወጣ። ያኔ ለእሱ መንገር የነበረብኝን ነው ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው።

ልጆቼ፣ ያ ልጅ ልቡ አልታመመም፤ ግን "ምንም የለህም" የሚባል ሰው አልነበረም። ሰውነታችን የፈተናን ፍርሃት ከጅብ ፍርሃት አይለይም። አእምሮ አደጋ መጣ ብሎ ሲያስብ አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ያልበዋል። ቀን ቀን ሰኞ ገበያ ግርግር ውስጥ ልባችሁ ቢፈጥንም ልብ አትሉትም። ሌሊት ግን ከተማው ጭጭ ሲል፣ በግራ ጎናችሁ ስትተኙ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፤ ትራስ ላይ የተጫነው ጆሯችሁም የገዛ ደማችሁን ምት ይሰማል። ድው፣ ድው። ስትሰሙት ትፈራላችሁ፤ ስትፈሩ አድሬናሊኑ ይጨምራል፤ ሲጨምር ልብ ይብስበታል። ብዙ ጊዜ በሽታው ይኸው መዞር ነው።

እኔም ደርሶብኛል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችንን ካመሳት በኋላ፣ ወደ ቤታችን ተመልሰን እንኳ ለወራት እንቅልፍ አልነበረኝም። በሀረጎ ዳገት በኩል የሚመጣ ከባድ መኪና ማርሽ ሲቀይር በሰማሁ ቁጥር ከአልጋዬ ብድግ እል ነበር። ያለፈኝን እንቅልፍ ላካክስ ብዬ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መተኛት ጀመርኩ። የባሰብኝ ያኔ ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ አልጋ ላይ ስገላበጥ አድራለሁ፣ ከዚያ ውስጥ የምተኛው ግን ጥቂት ነው። አልጋዬን ሳየው ገና ልቤ መምታት ይጀምራል።

ያዳነኝ የምተኛበትን ሰዓት ትቼ የምነሳበትን ሰዓት መያዜ ነው። እንቅልፍ በግድ አይመጣም፤ መነሳት ግን በእጃችን ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ ማታ ዓይናችንን የሚከድነውም እሱ ነው። አርፍዶ የተነሳ ሰው ማታ የሚጠራቀም አያገኝም። ስለዚህ በአዛኑም ንቁ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ደወል፣ ደሴ ሁለቱንም አትነፍጋችሁም። ግን ሰዓቱ አንድ ይሁን። 12 ሰዓት ተኩል ካላችሁ ቅዳሜም እሁድም 12 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ባትተኙም እንኳ። ተነሥታችሁ ደጅ ውጡ፣ የጠዋቱ ብርሃን ዓይናችሁን ይንካው፤ የሰውነትን ሰዓት የሚሞላው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል፤ ድካሙ የሚብስበት ቀንም አለ። ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሡት።

የኪራይ ቤት ኑሯችሁን አውቀዋለሁ። አንዲት ክፍል፣ አንድ አልጋ። አልጋው ሶፋችሁ ነው፣ ጠረጴዛችሁ ነው፣ እራት የምትበሉበትም እሱ ላይ ነው። ሰውነትም አልጋን ከፈተናና ከስልክ ጋር ያገናኘዋል። አንድ በርጩማ ግዙ፣ ባይቻል ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ጥግ ላይ አንጥፉ፤ ጥናቱም ስልኩም እዚያ ይሁን። ተኝታችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ፣ ሰዓት ሳታዩ በግምት፣ ተነሡ። ጋቢ ደርባችሁ፣ መብራቱን አደብዝዛችሁ እዚያ ጥግ ላይ ተቀመጡ። ዳዊት የሚደግም ይድገም፣ ዚክር የሚያደርግ ያድርግ። ዓይናችሁ ሲከብድ ወደ አልጋው ተመለሱ።

ልብ ሲፈጥን ደረትን ይዞ ከመጨነቅ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብሎ ወደ ውጭ። ወደ ውጭ የሚወጣው ይርዘም፤ ልብን የሚያበርደው ነርቭ የሚሠራው ያኔ ነው። አምስት ደቂቃ ያህል ቀጥሉ። የልብ ምታችሁን ግን ደጋግማችሁ አትቁጠሩ፣ መቁጠሩ ራሱ ያስፈራል።

እናቶቻችን ማታ ማታ እግር የሚያሳጥቡን ለንጽሕና ብቻ መስሎኝ ነበር። የደሴ ብርድ እግርን እንደ ድንጋይ ያደርገዋል። እግር በሞቀ ውሃ ሲሞቅ ደም ወደ ዳር ይሄዳል፣ የውስጥ ሙቀት ይወርዳል፣ እንቅልፍም የሚመጣው ያኔ ነው። አንድ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ካልሲ። እኔ እስከ ዛሬ አልተውኩትም።

ስለ ቡና ስጽፍ የወሎ ሰው መሆኔን አልረሳሁም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ ዱዓ ሳይደረግ የሚበተን ቤት የለም። ግን ቡናው ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ቦታ ይይዝበታል፤ ከገባውም ግማሹ ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ሲጠሯችሁ ሂዱ፣ ቆሎውን ብሉ፣ ጨዋታውን ተጫወቱ፣ ስኒውን ግን ለጊዜው እለፉት። እማማዎቹ ምክንያቱን ከነገራችኋቸው ይገባቸዋል።

ጫቱ ግን ሌላ ነው። ለፈተና ብላችሁ ስትቅሙ ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ምርቃናው አልለቅ ሲል ጨብሲ ትላላችሁ። አልኮሉ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ልባችሁ እየዘለለ ያባንናችኋል። ድንገተኛ ክፍል ከተቀበልኳቸው ልጆች ብዙዎቹ ከዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ከፋርማሲ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳያዚፓም የሚባለውን ማረጋጊያ ክኒን የምትወስዱም አላችሁ፤ ሰውነት ይለምደዋል። ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁ በድንገት አታቁሙት፣ ሐኪም ቀስ እያለ ያውርዳችሁ።

ደግሞ ሁሉም ጭንቀት አይደለም። ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ፣ ሳትሮጡ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ምቱ ከተዘበራረቀ ሳትውሉ ሳታድሩ ታከሙ። ክብደት እየቀነሰ፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ ሙቀት አልችል ካላችሁ የእንቅርት ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። የወር አበባ የሚበዛባችሁ ሴት ልጆቼ ደም ማነስም ልብን ያፈጥናል፣ ተመርመሩ። እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሦስት ወር ካለፈው ወደ አእምሮ ጤና ክፍል መሄድ ነውር የለበትም። መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ግን ሦስት ወርም አትጠብቁ፣ እስኪነጋም አትጠብቁ፤ በዚያው ሌሊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው ቀስቅሱ።

እናንተ ደግሞ የምትቀሰቀሱት፣ ጓደኛችሁ እኩለ ሌሊት ላይ ቁጭ ብሎ ስታዩት "ምንም የለህም፣ ተኛ" አትበሉት። እኔ ብዬ አይቼዋለሁ። መብራቱን ሳታበሩ ውሃ አሙቁለት፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ትንፋሹን አብራችሁት ቁጠሩ።