በውኃ ላይ ያለ የሸራ ጀልባ የፕሮፔለር ዘንግ ማሸጊያ ሲያፈስ

ውድ ወንድሜ፣ በአሜሪካዋ የወደብ ከተማ በአናፖሊስ ያሰሩት ጀልባዎ የፕሮፔለሩ ዘንግ ወደ ውጭ በሚወጣበት በኩል በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ያህል ውኃ እንደሚያስገባ፣ የጥገና ግቢውም ጀልባው ወደ የብስ ካልወጣ ሊጠገን አይችልም እንዳለዎት ጽፈው ይህ እውነት መሆኑን ጠይቀዋል። እኔም በዚያው በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ ባለ 30 ጫማ የሸራ ጀልባ ስላለኝ፣ ይህንን ሥራም ሁለት ጊዜ ውኃ ላይ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በየብስ ስለ ሠራሁት የማውቀውን በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። ውኃው የሚመጣው ከማሸጊያው ገመድ ከሆነ ጀልባው ውኃ ላይ እንዳለ መጠገን ይቻላል፤ ከላስቲክ ቱቦው ከሆነ ግን የጥገና ግቢው ትክክል ነውና እባክዎ አይሞክሩት።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ውኃው በትክክል ከየት እንደሚወጣ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ተሠሩ ብዙ ጀልባዎች የእርስዎም ባህላዊው ዓይነት ከሆነ፣ ከጀልባው አካል የሚወጣ ቱቦ፣ በቱቦው ላይ በብረት ማሰሪያዎች የተያዘ ወፍራም ላስቲክ፣ በላስቲኩ ጫፍ ላይ የነሐስ አካል፣ በእርሱም ላይ የሚጠብቅ ትልቅ ዳዶና እርሱን የሚቆልፍ ሌላ ስስ ዳዶ ያያሉ። በትልቁ ዳዶ ውስጥ በዘንጉ ዙሪያ የተጠቀለሉ ሦስት ወይም አራት የገመድ ቀለበቶች አሉ። ሁሉንም በጨርቅ አድርቀው ነጭ የወረቀት መሐረብ በየመገጣጠሚያው ላይ ተራ በተራ ያስጠጉ። መሐረቡ የሚረጥበው ዘንጉ ከዳዶው በሚወጣበት ቦታ ከሆነ ጉዳዩ የገመዱ ነው። በላስቲኩ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ላስቲኩ ሲጫኑት ከላላ፣ ወይም ማሰሪያዎቹ ዝገው ከሆነ ግን ዳዶውን ለመፍታት የሚጠቀሙበት ጉልበት ብቻውን ላስቲኩን ሊቀድደው ይችላል። የዳዶውንም ቀለም ልብ ይበሉ፤ ብረቱ ወደ ሮዝ የሚያደላ ከሆነ ነሐስ ሳይሆን ዚንኩ በጨው ውኃ የተበላ ናስ ነው፤ በቁልፍ ሲያዝም ሊሰበር ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሣ። ይህ ዓይነቱ ማሸጊያ ፈጽሞ እንዳያንጠባጥብ ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ገመዱን የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው ያው ውኃ በመሆኑ፣ ዘንጉ ሲዞር በደቂቃ 2 ወይም 3 ጠብታ ቢወርድ፣ ሲቆም ደግሞ ቢደርቅ ጤነኛ ነው። የእርስዎ ግን ከዚህ አልፏል፤ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚሆን፣ በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ማለት በቀን ከ4 ሊትር በላይ ነው። ይህ በጀልባው ሆድ የተጠራቀመውን ውኃ የሚያወጣው ፖምፓ እስከ ሠራ ድረስ ጀልባ አያሰጥምም፤ ባትሪው ካለቀና ለሳምንታት የሚጎበኘው ሰው ከሌለ ግን ያሰጋል።

ገመዱን ከመቀየርዎ በፊት ማጥበቅን ይሞክሩ። በሁለት የእንግሊዝ ቁልፍ፣ አንዱን የነሐሱን አካል እንዳይዞር ለመያዝ፣ ሌላውን ለማዞር ተጠቅመው፣ ስሱን ዳዶ ያላሉና ትልቁን ከአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ብቻ ያጥብቁ። አካሉን ካልያዙት ላስቲኩ አብሮ ይጠመዘዛል። ጠብታውን ጨርሶ ለማቆም አጥብቆ ማሰር ፈተና ነው፤ ነገር ግን ያለ ውኃ የሚሽከረከር ዘንግ ገመዱን ያቃጥለዋል፣ በራሱም ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ ቦይ የተቆፈረበትን ዘንግ ደግሞ ምንም አዲስ ገመድ አያሽገውም። በማጥበቅ ለውጥ ካልመጣ ወይም የሚጠብቅ ጥርስ ካልቀረ ገመዱ ደርቋል፤ መቀየር አለበት።

የገመዱን ውፍረት በግምት አይግዙ። የዳዶውን የውስጥ ስፋት ለክተው የዘንጉን ውፍረት ይቀንሱና ለሁለት ያካፍሉ፤ ለምሳሌ ዳዶው 38.1፣ ዘንጉ 25.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ ገመዱ 6.35 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ኢንች ነው። ዳዶው ሳይፈታ ውስጡን መለካት ስለማይቻል፣ ካለፈው ባለቤት የተረፈ ገመድ ካላገኙ አንድ ቁጥር የሚያንሰውንና አንድ ቁጥር የሚበልጠውንም አብረው ይግዙ። ከዓይነቶቹ እኔ የምመርጠው በሰም ወይም በቴፍሎን የተነከረውን የተልባ ቃጫ ነው፤ እኛ ፍሬውን በጾም ወራት በጥብጠን የምንጠጣው ያው ተልባ ግንዱ ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ጠንካራ ቃጫ ይሰጣል። ግራፋይት ያለበትን ገመድ ግን በጨው ውኃ ውስጥ ብረቱን ሊያስበላ ስለሚችል እሸሸዋለሁ። ገመዱን በሞተሩ በኩል ባለው ንጹሕ የዘንጉ ክፍል ላይ ጠቅልለው በምላጭ አራት ቀለበት ይቁረጡ፤ ጫፎቹ ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ መገናኘት አለባቸው። ይህ ሁሉ ልኩ ከታወቀ ዳዶው ከመከፈቱ በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ ነው።

ሲከፈት ምን ያህል ውኃ ይገባል የሚለው ጥያቄ ሰውን የሚያስፈራው ነው፤ ስለዚህ በቁጥር ላስረዳ። ዘንጉ ከውኃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በዙሪያው 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ የሚገባው ውኃ በደቂቃ ከ7 እስከ 8 ሊትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 500 ጋሎን ይገፋል ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ፖምፓ ከፍታ ሲጨመርበት ግማሹን እንኳ ቢሠራ በደቂቃ 15 ሊትር ያወጣል። ክፍተቱ ሰፋ ባለ ቁጥር ግን ውኃውም በዚያው ልክ ስለሚጨምር በፖምፓ ብቻ አልተማመንም። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ የእጅ ፖምፓው ይሞከር፣ ሁለተኛ ሰውም ከጎንዎ ይኑር። ከሁሉ የሚሻለው ግን ውኃውን ከውጭ ማገድ ነው። ጠላቂ ዘንጉ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ላይ ለመጸዳጃ መቀመጫ ማሸጊያ የሚሸጠውን የሰም ቀለበት አፍርጦ ቢለጥፍና በፕላስቲክ ጠቅልሎ ቢያስረው የሚገባው ውኃ እጅግ ይቀንሳል። ፕላስቲኩ ከታች እያለ ሞተር እንዳይነሣ እኔ የሞተሩን ቁልፍ ለጠላቂው እሰጠዋለሁ፤ ፕላስቲኩን አውጥቶ ሲያሳየኝ ብቻ እቀበለዋለሁ። በበጋ የሚናደፉት ጄሊፊሾች ሳይበዙ፣ በግንቦት አካባቢ ቢደረግ ለጠላቂውም ይቀለዋል።

አሁን ዳዶውን ፈትተው በዘንጉ ላይ ወደ ሞተሩ ያንሸራትቱት፤ የቀረውን ክፍተት ረዳትዎ በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዘው። አሮጌዎቹ ቀለበቶች ከዳዶው ጋር አብረው ስለሚመጡ፣ ጫፉ እንደ ቡሽ መክፈቻ በተጠመዘዘ መንጠቆ አንድ በአንድ ይወጣሉ። በመጀመሪያው ጊዜ እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነበር። ሦስት ቀለበት አውጥቼ አለቀ ብዬ አዲሶቹን ስከት፣ ከሥር አራተኛው እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የዳዶውን ግድግዳ መስሎ ቀርቶ ነበር። ዳዶው በሁለት ጥርስ ብቻ ያዘ፤ ሞተሩን አስነሥቼ አሥር ደቂቃ ሳይሞላም ሊነካ የማይቻል ያህል ጋለ። ሥራውን ሁሉ እንደገና ከፍቼ መጀመር ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ በባትሪ መብራትና በትንሽ መስታወት የዳዶው ወለል የሚያብረቀርቅ ብረት መሆኑን ሳያዩ አዲስ ገመድ አይክተቱ። በዚያው አጋጣሚ ጥፍርዎን በዘንጉ ላይ ያንሸራትቱ፤ ጥፍሩ የሚያዝበት ቦይ ካለ ገመዱ ብዙ አይቆይም።

አዲሶቹን ቀለበቶች ግራሶ ቀብተው ሲከቱ፣ የአንዱ መገናኛ ከሌላው በሲሶ ዙር እንዲርቅ አድርገው እያንዳንዱን ለሁለት በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቱቦ ገፍተው ያስቀምጡ። መገናኛዎቹ በአንድ መስመር ከተሰለፉ ውኃው ቀጥተኛ መንገድ ያገኛል። ዳዶውን በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ ከዚያም ስሱን ዳዶ ይቆልፉ። ፕላስቲኩ ከወጣ በኋላ ጀልባው በገመድ እንደ ታሰረ ማርሽ አስገብተው ቀስ ብለው ያስኪዱት። መጀመሪያ ላይ ብዙ ቢያንጠባጥብ አይጨነቁ፤ ገመዱ ሲያብጥ ይቀንሳል። በየጊዜው ሞተሩን አጥፍተው፣ ዘንጉም ፈጽሞ ቆሞ፣ ዳዶውን በእጅ ይንኩ፤ ለብ ያለ ከሆነ ደኅና ነው፤ እጅ የማያስችል ሙቀት ካለው ግን ያላሉት። ለጥቂት ሰዓታት ከተጓዙ በኋላም አንድ ጊዜ መጠነኛ ማጥበቅ ያስፈልገዋል።

በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና ማፍሰስ ከጀመረ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ገመዱ ላይ አይደለም። በውኃ ውስጥ ያለው የዘንጉ የላስቲክ ኩሽኔታ አልቆ ወይም ሞተሩ ከዘንጉ ጋር ያለው ቀጥታ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥታውን የሚለኩት ዘንጉን ከካምቢዮው ጋር በሚያገናኙት ሁለት ክብ የብረት ሳህኖች (ፍላንጆች) መካከል ነው፤ ለእያንዳንዱ ኢንች የፍላንጅ ስፋት የሚፈቀደው ልዩነት አንድ ሺኛ ኢንች ነው። የጀልባው አካል በየብስና በውኃ ላይ ቅርጹ በጥቂቱ ስለሚለያይ፣ ይህንን ልኬት ውኃ ላይ መውሰድ ግዴታ ነው።

ያዩት ዳዶ ሳይሆን እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ላስቲክ ከሆነ ግን የተለየ ዓይነት ነው። እርሱ ሲያፈስ ላስቲኩን በጥንቃቄ ወደ ኋላ ጨብጠው ጥቂት ውኃ በማስገባት እርስ በርስ በሚተሻሹት የማሸጊያው ሁለት ፊቶች መካከል የገባውን አሸዋ ማጠብ ይቻላል፤ ላስቲኩን መቀየር ግን ዘንጉን ከካምቢዮው መለየት ስለሚጠይቅ በየብስ የሚሠራ ነው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ፣ ዳዶ ከሆነም ቀለሙንና የቀረውን ጥርስ ብዛት ቢጽፉልኝ የሚያስፈልግዎትን የገመድ መጠን አብረን እናሰላለን።