ደጋፊ ሆኖ ለማርጀት

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በስፖርት መምህርነት ነው። ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ፀሐይ ሲመታኝ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስለ እሑድ ጨዋታ የሚከራከር ስንቱን ዝም አሰኝቻለሁ መሰላችሁ! ያኔ ያስተማርኳቸው ዛሬ ልጆች አሏቸው። መንገድ ላይ ሳገኛቸው መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ሥራቸው አይደለም። «አሁንም ቡድንህን ትደግፋለህ?» ነው የምላቸው።

ብዙዎቹ ትተውታል። ያልተዉት ደግሞ ይዘልቁበታል ብዬ የገመትኳቸው አይደሉም። በክፍሉ በኳስ የሚያህለው ያልነበረው ልጅ ዛሬ ውጤት እንኳ አያይም። የተጫዋቾችን ስም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣው የነበረውም ቀዝቅዟል። ኳስ ስትመጣበት የሚሸሸው ልጅ ግን ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር እራት አይበላም። እንደኔ እንደኔ፣ የዘለቁት በልጅነታቸው አንድ ሰው እጃቸውን ይዞ የወሰዳቸው ናቸው። አባት ይሁን፣ አጎት ይሁን፣ የሰፈር ጎረምሳ፣ ለውጥ የለውም።

በእኛ ጊዜ አዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ አንድ ልማድ ነበር። የመግቢያ ብር የሌለው ልጅ አንዱን ትልቅ ሰው ጠጋ ይልና «ጋሼ፣ ያስገቡኝ» ይላል። ሰውዬው እጁን ይይዘዋል። ትኬት ቆራጩ አባትና ልጅ እንዳልሆኑ አይጠፋውም፣ ግን ያሳልፋቸዋል። ገብተው ካታንጋ ወይም ሚስማር ተራ በሚባለው የስታዲየሙ ክፍል ይቀመጣሉ። ሲሚንቶው ስለሚያቃጥል ሰውዬው ጋዜጣውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለልጁ ያነጥፍለታል። ቆሎም ያካፍለዋል። ልጁ ያን ቀን የሚደግፈው ያስገባውን ሰው ቡድን ነው። ምን ምርጫ አለው? እንዲህ ባለ አጋጣሚ የያዙትን ቡድን ፀጉራቸው እስኪሸብት ያልለቀቁ ሰዎች አውቃለሁ።

ያላያችሁት ጨዋታም ይወረሳል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ስትወስድ እኔ አልተወለድኩም። አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ሲቀበል ግን በዓይኔ ያየሁ ይመስለኛል። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ፣ በጭማሪው ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ እንዳገቡ የሰማሁት ቤታችን ቡና ሲጠጣ ከአባቴ አፍ ነው። ስንት ጊዜ እንዳወራው እሱም አያውቀው። እናንተም እስኪ አጎቶቻችሁን ስለ 1980 ዓ.ም.ቱ የሴካፋ፣ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ጠይቋቸው። ዚምባብዌን በመለያ ምት የረታንበትን ማለቴ ነው። የደምሴ ዳምጤን የሬዲዮ ድምፅ እያስመሰሉ ያመሹላችኋል።

እናንተ ደግሞ የዲኤስቲቪ ልጆች ናችሁ። እኩዮቼ በዚህ ይበሳጫሉ። «ለንደን የት እንዳለች የማያውቅ ልጅ ለአርሴናል ያለቅሳል!» ይላሉ። ያልቅስ፤ ምን አለበት? እ.ኤ.አ. በ2004 አርሴናል 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉን ሲወስድ በሰፈራችን ስንት ልጅ አርሴናል ሆነ! በዓመቱ ኤፍኤ ካፕን አገኙ። ከዚያ እስከ 2014 አንድም ትልቅ ዋንጫ የለም። እነዚያ ልጆች ታዲያ ለምን ቡድን አልቀየሩም? ማን ያስቀይራቸዋል! ባለሱቁም ያውቃቸዋል፣ የታክሲ ረዳቱም ያውቃቸዋል። ቅዳሜ ከተሸነፉ እሑድን ሙሉ ሙድ ሲያዝባቸው ይውላል። የቀየሩ ዕለት ደግሞ ሰፈሩ ጨርሶ አያስቀምጣቸውም። እና ብሽሽቅን አትናቁ። ብዙ ደጋፊ ሳይወድ በግዱ የጸናው በብሽሽቅ ነው። ስድብ ግን ሌላ ነው። በብሔር መሰዳደብና ድንጋይ መወራወር የተጀመረበት ሜዳ እናት ልጇን ሁለተኛ አትልክም፤ ሊጋችን ይህን አይቶታል።

ዋንጫ ደጋፊ ያመጣል፣ አያቆይም። ኢትዮጵያ ቡና የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያነሳው በ2003 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1928 ዓ.ም. አራዳ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫ ሲያመላልስ፣ የቡና ደጋፊ ባዶ እጁን ይጨፍር ነበር። ጭፈራው ደግሞ ከዋንጫው ባለቤት ጭፈራ አያንስም። (የማን ደጋፊ እንደሆንኩ አልናገርም። ተማሪዎቼ ያውቁታል።)

የእናንተ ዘመን ችግሩ ወዲህ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ጨዋታው በሜዳችን ነው ተብሎ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ተደረገ፤ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟሉማ። ግብፅን እንዲህ አሸንፈን የአገር ቤት ልጅ ያየው በስክሪን ብቻ ነው። ሊጉም ለዓመታት ክለቦቹን አንድ ከተማ ሰብስቦ ሲካሄድ ስለቆየ፣ የአዲስ አበባ ልጅ የገዛ ከተማውን ቡድን ያወቀው ከስልኩ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስናልፍ ስታዲየም የነበረውን ልጅ ፈልጋችሁ ጠይቁት። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ሲያገቡ የት ተቀምጦ እንደነበር፣ ማንን አቅፎ እንደዘለለ ይነግራችኋል። የሊሎንግዌውን ዕለት የት እንደነበራችሁ ታስታውሳላችሁ?

ስታዲየም ተሠርቶ እስኪያልቅ ግን አትጠብቁ። የሰፈር ሜዳ ጨዋታ አለ። ታች ያሉት ሊጎች አሉ፣ የሴቶች ሊግ አለ፣ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና አለ። በእግር ወይም በአንድ ታክሲ የምትደርሱበትን አንድ ቡድን ያዙ። ከአርሴናል ጋር አይጣላም። ተጫዋቹ ሲያልፍ ስሙን ጠርታችሁት ዞር ካለላችሁ፣ ያን ቡድን በቀላሉ አትተዉትም።

አንድ የምፈራላችሁ ነገር ቤቲንግ፣ የስፖርት ውርርዱ፣ ነው። ገንዘቡን ትታችሁት ፍቅሩን ብቻ እዩ። የሚያስይዝ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ጨዋታ ሲያይ ታዝቤያለሁ። ዓይኑ ከስልኩ አይነቀልም። የገዛ ቡድኑ ጎል ሲያገባ ፊቱ ጠቆረ። ለካ «ከሁለት ጎል በታች» ብሎ ቆርጦ ኖሯል! «አንድ ጨዋታ በላችኝ» እያለ ወጣ፤ ማን እንዳሸነፈ ግድም አልሰጠው። እንዲህ ያለው ልጅ የውርርድ ትኬቱ ያለቀ ዕለት ኳሱም ያልቅበታል።

በመጨረሻ፣ እህቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በእኛ ጊዜ «ጋሼ፣ ያስገቡኝ» የሚሉት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ1992 ወርቅ ካመጣች በኋላ እንኳ ሴት ልጁን ሜዳ ይዞ የሚመጣ አባት ብርቅ ነበር። ታናሻችሁን ስትወስዷት ቀድማችሁ ሕግ አታስተምሯት። ኦቾሎኒ ግዙላት። በእረፍት ሰዓት ሰለቸኝ ካለች ይዛችኋት ውጡ፣ ሌላ ቀን ትመለሳለች። ከቆየች ግን ብትሸነፉም ፊሽካው ሳይነፋ እንዳትነሱ። ኦፍሳይድን ራሷ ስትጠይቃችሁ ታስረዷታላችሁ።